ካሜራው ትንሽ ይቆይ

ጥያቄ፦ «ሰሚት አካባቢ ባለ አንድ መንደር ውስጥ 34 አባወራ ነን። ባለቤቴም እኔም ሥራ ውለን ማታ ነው የምንገባው። ባለፉት አራት ወራት ሁለት ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ተዘርፏል፤ ሦስት የውሃ ቆጣሪ ተነቅሏል፤ የመኪና ስፖኪዮማ መቁጠሩን ትተነዋል። አማቴ ደግሞ ‹ዕጣ ደርሶዎታል› ብሎ በደወለ ሰው 14,500 ብር ከቴሌብራቸው ተወሰደባቸው። ነዋሪው ለካሜራና ለኤሌክትሪክ አጥር ገንዘብ እያዋጣ ነው። ወጣቶቹ በበኩላቸው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የአንድ ልጅ ፎቶ ለጥፈው ‹ሌባው ይሄ ነው› ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለደረሰባችሁ ሁሉ አይዟችሁ። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላምጣው፤ ያዋጣችሁትን ገንዘብ በሙሉ ካሜራ ላይ አታውሉት። በማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የመኖሪያ መንደሮችን በጥበቃ ጉዳይ አማክራለሁ። ሌባ አንድ ሰፈር ላይ የሚመላለሰው ግንቡ አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገብቶ እስኪወጣ ድረስ «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚለው ሰው ስለሚያጣ ነው። የአማትዎም ገንዘብ የወጣው በዚያው ቀዳዳ ነው፤ ደዋዩን ማን እንደሆነ ያጣራው የለም።

በቀን የሚሰበር ቤት አሰባበሩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ባለው ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ አዋቂዎች ሥራ ቦታ፣ የቤት ሠራተኛዋም ገበያ ወይም ወፍጮ ቤት የምትሆንበት። ሁለት ሦስት ሆነው ይመጡና አንዱ ያንኳኳል። ከተከፈተለት ያዘጋጀው ጥያቄ አለው፤ «የሚከራይ ቤት ይኖራል?»፣ «የእገሌ ቤት ይሄ ነው?»፣ «ቆጣሪ ልናነብ ነበር»። ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል፤ የከፈተለትም ሰው ወዲያው ይረሳዋል። የሚከፍት ካጣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። እስቲ ዛሬ ማታ ጎረቤቶችዎን ይጠይቁ፤ ባለፉት ሳምንታት እንዲህ ያለ ሰው የስንቶቻችሁን በር አንኳኳ? መልሱ ያስደነግጥዎት ይሆናል። እያንዳንዱ በእሱ ቤት ብቻ የሆነ መስሎት ለማንም ሳይናገር ቀርቷል።

በዚህ ላይ ስንወጣ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር የመቆለፍ ልማድ አለን። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር «ቤት ውስጥ ሰው የለም» የሚል ማስታወቂያ ነው። በላሜራው በር ውስጥ የሚቀበር፣ ሰው ይኑር አይኑር ከመንገድ የማያሳብቅ ቁልፍ ያስገጥሙ። የግድ ጓጉንቸር ከሆነም ትልቅነቱ አያታልልዎት። ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚገባበት ቀለበት በስስ ብረት ከተበየደ ፌሮ አስገብቶ አንዴ መጠምዘዝ ይበቃል። ማጠፊያውንም ይዩት፤ ወደ ውጭ የተበየደ ከሆነ በሩን በቁልፉ በኩል ሳይነኩ ወደ ላይ አንስተው ሊነቅሉት ይችላሉ። በያጅ ጠርተው ከማጠፊያው በላይ በሩን ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚይዝ ቁራጭ ብረት ቢያስበይዱ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሥራ ነው።

የቤቱ ዋና በር ላይ ደግሞ ሰው ቁልፉን ብቻ ይቀይራል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የተሰበሩ በሮች ቁልፋቸው ደህና ነው፤ የተላቀቀው ፍሬሙ ነው። ፍሬሙ በሁለት ሦስት አጫጭር ምስማር ግድግዳው ላይ የተያዘ ከሆነ ጠንከር ያለ የትከሻ ግፊት ይጥለዋል። ቁልፍ ከመቀየራችሁ በፊት ፍሬሙን በረዣዥም ብሎን ከግንቡ ጋር አሳስሩት። የመስኮት ብረትም ከውጭ በብሎን የታሰረ ከሆነ በመፍቻ ይፈታል፤ መበየድ ወይም የብሎኑን ራስ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሁሉንም መስኮት ግን ድፍን አድርገው እንዳይበይዱ አደራ፤ ቤት በእሳት ሲያያዝ መውጫ የሚያሳጣው ያው ብረት ነው። ቢያንስ የአንድ መኝታ ቤት ብረት ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉ ሌባ እጅ በማይደርስበት፣ ልጆች ግን በሚያውቁት ቦታ ይንጠልጠል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣራና ኮርኒስ ያለው ከሆነ ከላይም ይገባል። ከጎናችሁ ያላለቀ ሕንፃ ካለ የባሕር ዛፍ መወጣጫው በእናንተ ግንብ በኩል እንዳይቆም፣ ሠራተኞቹ ወደ ቤት ሲሄዱም መሰላሉ ሜዳ ላይ እንዳያድር ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

ቁልፍ ካነሳን አይቀር ስለ ቤት ሠራተኞች አንድ ነገር ልበል። ቤት በተሰበረ ቁጥር መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርባት ሠራተኛዋ ናት፤ ይህ አመል አስቀያሚም አሳሳችም ነው። ስትቀጠር የመታወቂያዋ ቅጂና ተያዥ ይኑር፤ ደላላው «አውቃታለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ግን ክብሯን ጠብቁላት፤ ቀን ቀን ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ለማታውቀው ሰው በር ባለመክፈቷ እንደማትቆጧት በግልጽ ንገሯት፤ እንግዳ መልሳ ተቆጥታባት የምታውቅ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ለማንም ትከፍታለች። ተከራይም ሆነ ሠራተኛ ሲወጣ የቁልፉን ሲሊንደር መቀየር ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ ቁልፉ በስንት እጅ እንዳለፈ ስለማይታወቅ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። በአዳዲሶቹ መንደሮች ግንቡ ረጅም፣ ሰላምታው አጭር ነው። ያም ሆኖ በየሰፈሩ ቀኑን ሙሉ መንገዱን የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ባለሱቁ፣ ጡረታ የወጡት አባት፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ሊስትሮው። እነዚህን ሰዎች በስም ይወቋቸው፤ ስልክዎን ይስጧቸው። እንግዳ ሰው ሲያዩ ድብድብ አይጠበቅባቸውም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብቻ ይበሉ። ዘመድ ፍለጋ የመጣ ሰው አመስግኖ ቤቱን ይጠይቃል። ሊሰርቅ የመጣው ግን ፊቱን ያየው ሰው እንዳለ ካወቀ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፈር ይመርጣል። ከወረዳ፣ ከመብራት ኃይል ወይም ከውሃና ፍሳሽ መጣሁ የሚል ሰውም መታወቂያውን ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም፤ ከተጠራጠራችሁ ሰውየውን ውጭ አቁማችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ።

ዕድር ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል። ሰፈሩ ባዶ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ሌባው ያውቃል፤ ከተራ ዕለት ጥር 10 ታቦት ለመሸኘት ሁሉም ሲወጣ፣ ለመስቀል ቤተሰብ አገር ቤት ሲገባ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር። ዕድሩ ድንኳን ለሚተክል ሰው ተራ ያወጣ የለም? በዚያው መዝገብ ላይ ሰፈሩ ባዶ በሚሆንባቸው ቀናት የሚቀሩ ሁለት ሰዎችን ተራ ያውጣ። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ራሱ ደግሞ ለየት ያለ ጥበቃ ይፈልጋል፤ በሩ ሦስት ቀን ክፍት ነው፣ የሚገባው ሁሉ ነጠላ የለበሰ ነው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። መኝታ ቤቱ ይቆለፍ፤ የለቀስተኛ ቦርሳና ስልክ የሚቀመጥበት ክፍልም አንድ የሚታወቅ ሰው ይመደብለት።

ስፖኪዮና ቆጣሪ የሚሰረቁት ገዢ ስላላቸው ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው ለገዢው የማይመች ማድረግ ነው። በስፖኪዮው መስታወትና በመብራቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጹ፤ ብዙ ባለመኪና ይህን ያደርጋል፣ ያልተቀረጸ መኪና አጠገብ ከቆመ ሌባው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ቆጣሪው የሚፈለገው ለናሱ ነው። በብረት ሳጥን ይሸፈን፤ አንባቢው ቁጥሩን የሚያይበት ቀዳዳ ይተውለት፣ ከመሥራታችሁ በፊትም ቅርንጫፉን አማክሩ፤ ቆጣሪው የእናንተ አይደለም። ሰፈራችሁ የሚመላለሱትን ቆራሌዎች ደግሞ በደፈናው አታባርሯቸው። አብዛኛው ለፍቶ አዳሪ ነው፤ ማን ምን ይዞ ሊሸጥለት እንደመጣም እሱ ያውቃል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው በሕጉ እንደሚጠየቅ በወዳጅነት ንገሩት።

ጥበቃ መቅጠር አስባችሁ ከሆነ እኔ ከካሜራው አስቀድመዋለሁ፤ በአግባቡ ከተቀጠረ። ቀን የቀን ሥራ ሲሠራ ውሎ ማታ ለእናንተ የሚያድር ሰው ይተኛል፤ አልተኛም ቢላችሁም ይተኛል። 34 አባወራ ተጋግዞ ሁለት ሰው በፈረቃ፣ ሌላ ሥራ ሳይፈልጉ ለመኖር በሚበቃ ደመወዝ መቅጠር ይችላል። ተያዥና ከፖሊስ የጣት አሻራ ማስረጃ ያምጡ። በእናንተ በኩል ደግሞ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ፣ ፊሽካና ከዝናብ የሚጠለሉባት ጎጆ አዘጋጁ። ከአንድ ቦታ ሳይነሳ የሚያድር ጥበቃ ከጎጆው በላይ ያለውን አያይም፤ ዙሪያውን መዞሩን የምታረጋግጡበት መንገድ ይኑራችሁ። መግቢያውን በብረት በር ለመዝጋት ካሰባችሁ ግን መንገዱ የሕዝብ ከሆነ በራሳችሁ ፈቃድ የሚሆን አይደለም፤ መጀመሪያ ወረዳውን አነጋግሩ።

ከዚህ በኋላ የተረፈውን ገንዘብ ካሜራ ላይ አውሉት፤ ስምንት ቦታ ሳይሆን መግቢያና መውጫው ላይ። ብዙ ሰው ካሜራውን እንዳይሰረቅ ብሎ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ይዞልን የሚመጣው የኮፍያ ቪዲዮ ነው። ቢያንስ አንዱ ከሰው ፊት ቁመት ብዙ ሳይርቅ፣ መብራት ካለበት ቦታ ይሁን። መቅጃው ቴሌቪዥኑ ሥር ከተቀመጠ ሌባው ቴሌቪዥኑንም መቅጃውንም ይዞ ይሄዳል፤ የተቆለፈ ቦታ ይደበቅ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ከሌለው በጨለማው ሰዓት፣ ማለትም በምትፈልጉት ሰዓት፣ አይሠራም። የገጠመላችሁ ባለሙያ ያስገባውን የይለፍ ቃል ራሳችሁ ለውጡ። የጎረቤት መስኮትና ግቢ ላይም አታነጣጥሩት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይመለከታል፣ ከሕጉ በፊት ደግሞ ጉርብትና አለ። እንዲያውም በፀሐይ የሚሞሉ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበሩ መብራቶች በየበሩ ብትሰቅሉ ከካሜራው ያነሰ ወጪ አውጥታችሁ ፈጣን ለውጥ ታያላችሁ።

የኤሌክትሪክ አጥሩን በተመለከተ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ በአጭር በአጭሩ እየነዘረ የሚያስደነግጥ ነው፤ እሱም ቢሆን በባለሙያና በማስጠንቀቂያ ምልክት ይገጠም። አንዳንድ ቤት ግን ከቆጣሪ የመጣውን 220 ቮልት በቀጥታ ሽቦው ላይ ይለቃሉ። ይህ ገዳይ ነው፤ ኳስ ሊያወርድ ግንብ የወጣ ልጅንም ይገድላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 78 የሚፈቅደው መከላከል ከአደጋው ጋር የተመጣጠነውን ነው። ሽቦ ሌባና ሕፃን አይለይም፤ ክስ ሲመጣ ተከሳሹ ሌባው አይሆንም።

ወደ አማትዎ ልመለስ። በመጀመሪያ፣ እባክዎ አይቆጧቸው። ተታላይ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያመው ሐፍረቱ ነው፤ አታላዩም የሚተማመነው በዚሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ቤታችን ውስጥ ሳይሆን ስልካችን ውስጥ ማደር ጀመረ፤ ሌባውም ተከትሎት ገባ። ደዋዩ መጀመሪያ የምታምኑትን ስም ይጠራል፤ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ባንክ፣ ሎተሪ። ቀጥሎ ያስቸኩላል፤ «በአስር ደቂቃ ውስጥ ካላረጋገጡ ለሌላ ዕድለኛ ይተላለፋል»። ከዚያ «ስልኩን አይዝጉ፣ ለማንም አይንገሩ» ይላል፤ ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባቸው ቢኖር እንደሚነቃበት ያውቃላ። መጨረሻ ላይ በመልዕክት የደረሳቸውን ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥራቸውን ይጠይቃል። የትኛውም ባንክ፣ ቴሌብርም ቢሆን፣ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ያልቆረጡት ዕጣ ደግሞ አይወጣም።

ለአማትዎ የሚያስተምሩት ብዙ ነገር አይሁን፤ አንድ ብቻ። ስለ ገንዘብ የደወለ ሰው ማንም ይሁን ማን ስልኩን ይዝጉት፤ ከዚያ ራሳቸው መልሰው ይደውሉ፤ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉላቸው። ደዋዩ በሰጣቸው ቁጥር መልሶ መደወል ግን ያው ሌባ ጋ መመለስ ነው። «በስህተት 5,000 ብር ላክሁልዎ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሲመጣም መልዕክቱን አይመኑ፤ መልዕክቱ የመጣው ከተራ የሞባይል ቁጥር ከሆነ ይጠርጥሩ፣ መተግበሪያውን ከፍተው ሂሳቡ በእርግጥ መጨመሩን ያረጋግጡ። ሱቅ ያላቸው ጎረቤቶችዎም «ከፍያለሁ» ብሎ የስክሪን ፎቶ የሚያሳይ ደንበኛ ሲመጣ እንዲሁ ያድርጉ፤ ፎቶ ገንዘብ አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ላይ ደግሞ «ከዱባይ ዕቃ ተልኮልዎታል፣ ቀረጡን ይላኩ» የሚሉት አሉ፤ ላከች ለተባለችው ልጅ መጀመሪያ መደወል ነው። በጓደኛ የቴሌግራም አካውንት ብር የሚለምን መልዕክት ከመጣም አካውንቱ ተጠልፎ ይሆናል፤ ሳይልኩ ድምፁን ሰምተው ያረጋግጡ፣ በእናንተም ስልክ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ።

14,500 ብሩ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ገንዘቡ ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላው በደቂቃ ውስጥ ይዘዋወራል። እንዲያም ሆኖ ያልተደረገ ከሆነ ዛሬውኑ 127 ደውለው ያመልክቱ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይሩ፤ መልዕክቶቹንና የጥሪ ዝርዝሩን ሳያጠፉ፣ የዝውውሩን ቁጥር ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያስመዝግቡ። ገንዘቡ የገባበት ስልክ በአንድ ሰው ስም የወጣ ነው፤ ያንን የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መርማሪው ነው። ደግሞም ይጠንቀቁ፤ ሰሞኑን «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» የሚል ሊደውል ይችላል። ያው ሰው ነው፣ ወይም ቁጥራቸውን ከእሱ የገዛ።

የመንገዱን ማታለል እናንተም ታውቁታላችሁና አላረዝመውም፤ በሚኒባስ ተሳፋሪ መስለው ቦታ እያቀያየሩ ኪስ የሚያወልቁት ሿሿዎች፣ ወርቅ አገኘን ብለው እንካፈል የሚሉት፣ ልብስዎ ቆሽሿል ብለው የሚጠርጉልዎት። ሁሉም የሚፈልጉት ለአፍታ እንዲደናገሩላቸው ነው። የስልክዎን መለያ ቁጥር *#06# ደውለው ይጻፉት፣ የመጣበትን ካርቶንም አይጣሉ፤ ስልክ ተይዞ ሲገኝ የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

በመጨረሻ ያቆየሁት በጣም ያሳሰበኝን ነው፤ የተለጠፈውን ፎቶ። ዛሬ ይነሳ። ልጁ ምን ሲያደርግ ነው የታየው? በመንደሩ ሲያልፍ? በር ሲያንኳኳ? ዳቦ የሚያደርስ ልጅም በር ያንኳኳል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን በክትባት ሊጎዱ ነው በሚል ወሬ በተሰበሰበ ሕዝብ ተገድለዋል፤ ወሬው ሐሰት እንደነበር የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። «ሌባ ይሄ ነው» የተባለበት ፎቶ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ማን የት እንደሚያገኘው፣ ምን እንደሚያደርገው አታውቁም። ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንኳ ቢሆን ይያዝ፣ 991 ይደወል፤ አይደብደብ። የደበደበው ሰው ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ግሩፑ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ይሁን፦ «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ቤት ኪራይ እንፈልጋለን እያሉ ሲያንኳኩ ነበር፤ ታርጋው ይህ የሆነ መኪና ቆሞ ነበር።» ያየኸውን ጻፍ፤ የጠረጠርከውን ለጣቢያው ንገር። ፎቶውን ያነሳው ወጣት ኦሪጅናሉን ሳይቆርጥ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ነገ ጠዋት ለመርማሪው ይውሰድ። ቤታቸው የተሰበረባቸው ሁለቱ ጎረቤቶችና ቆጣሪ የተነቀለባቸውም «ምን ያመጣልኛል» ብለው ሳያስመዘግቡ ቀርተው ከሆነ አብረውት ይሂዱ። ጣቢያው ሰፈራችሁ ላይ ሮንድ የሚመድበው መዝገቡ ላይ ያለውን አይቶ ነው፤ እስካሁን መዝገቡ ላይ የእናንተ ሰፈር ሰላም ሊሆን ይችላል።